ተጨማሪ መረጃ፦ የማግኒዚየሙ መጠን ስንት ነው?

በአሜሪካ ገበያ ብዙ የማግኒዚየም ካፕሱሎችን የሚያመርተው በጠርሙሱ ላይ ስሙ የሚታየው ድርጅት አይደለም፤ ሌላ ፋብሪካ በትእዛዝ ሠርቶ በደንበኛው የንግድ ስም ያሽግለታል። የደንበኛው ትልቁ ውሳኔ የማግኒዚየም ውህዱ ምርጫ ነው። ማግኒዚየም ኦክሳይድ በክብደቱ 60 በመቶ ያህል ማግኒዚየም ሲሆን፣ ማግኒዚየም ቢስግላይሲኔት ግን 14 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ 200 ሚሊግራም ማግኒዚየም ለማግኘት ከኦክሳይዱ 330 ሚሊግራም ገደማ ይበቃል፤ አንድ ካፕሱል ይይዘዋል። ከቢስግላይሲኔቱ ከ1,400 ሚሊግራም በላይ ስለሚያስፈልግ ሁለት ወይም ሦስት ካፕሱል መዋጥ ግድ ይላል። ኦክሳይዱ ርካሽ ቢሆንም በውሃ እምብዛም አይሟሟም፤ ሰውነት የሚወስደውም ጥቂቱን ነው። ርካሽነቱ ብቻውን ሊያስመርጠው አይገባም። በአገሪቱ ሕግ መሠረት መለያው ላይ የሚጻፈው የውህዱ ሳይሆን የማግኒዚየሙ ክብደት ነው። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር ማግኒዚየም አይውሰድ።