የጎማ ሰንሰለት በዋልካ መሬት

በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ዋልካ ነው። የቁይና የቢቸና አካባቢ ገበሬ ጠባዩን ያውቀዋል፤ ሲረጥብ ይይዛል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከባድ ማሽን እርጥብ ዋልካ ውስጥ ሲገባ ጎማው ይሰምጣል። ካተርፒላር ኩባንያ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለእርሻ ትራክተር ያዋለው የጎማ ሰንሰለት ግን ክብደቱን በሰፊ ቦታ ላይ ያሳርፋል። ሰንሰለቱ ውድ ስለሆነ የሚከተለው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

1ኛ/ ውጥረት፦ የላላ ሰንሰለት ከሚያዞረው ጥርስ ላይ ይወልቃል። ከልክ በላይ የተወጠረ ደግሞ ኩሽኔታውንና በጎማው ውስጥ ያለውን የብረት ገመድ ይጎዳል። ስለዚህ ማሽኑን በክሪክ አንስቶ ርግበቱን በመመሪያው መጽሐፍ መሠረት መለካት ይገባል።

2ኛ/ ጭቃ፦ በሮለሮቹ መካከል የደረቀ ዋልካ እንደ ድንጋይ ጎማውን ይበላል። ማታ ሳይደርቅ ይጠረግ።

3ኛ/ አነዳድ፦ በቆሙበት መዞር ሰንሰለቱን ያጣምማል፤ በሰፊው ይዙሩ። በጠጠር መንገድ ላይ ሩቅ አይንዱ።

4ኛ/ ቁስል፦ ድንጋይ በቀደደው በኩል ውሃ ገብቶ የብረቱን ገመድ ያዝጋል። ቀዳዳው ሳይሰፋ ይጠገን። ናፍጣና ዘይትም ጎማን ስለሚያበላሹ ወዲያው ይታጠቡ።

ስንዴ ደርሶ ሳለ ሰንሰለት ቢበጠስ፣ መለዋወጫው እስኪመጣ ያልታሰበ ዝናብ ሊቀድም ይችላል። የየማታው ጥቂት ደቂቃ የዓመቱን ምርት ያድናል።