ስም ነዳፊው፦ ከጥሪ ካርድ እስከ ኩባያ

ታኅሣሥ ሲገባ የአዲስ አበባ ማተሚያ ቤቶች ይጨናነቃሉ። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያሉት ሳምንታት የሠርግ ናቸው፣ ጾሙ ከገባ ደግሞ ፋሲካን መጠበቅ ግድ ይላል። በዚህ ሰሞን አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ ባለ ጠባብ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ አንድ ሰው የሠርጉን ቀን ከብዙ ዘመድ ቀድሞ ያውቃል። የጥሪ ካርዱን፣ ፖስታውን፣ የምስጋና ካርዱን፣ ለሚዜዎች የሚሰጠውን ኩባያና የቁልፍ መያዣ የሚነድፈው እሱ ነው። ሙያው በተለምዶ “የካርድ ዲዛይነር” ይባላል። አበባና ቀለም መምረጥ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው፤ ጥበቡ ያለው ስሙ ላይ ነው።

አብዛኛው ደንበኛ ስልኩ ላይ ያስቀመጠውን ምስል ይዞ ይመጣል። ጽጌረዳ፣ ርግብ፣ ወርቃማ ክብ፣ መካከሉ ላይ እየተያያዘ በሚፈስ የእንግሊዝኛ እጅ ጽሑፍ የሰፈሩ ሁለት ስሞች። ከዚያ “ይህንኑ በአማርኛ አድርግልኝ” ይላል። ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። የላቲን ፊደል በእጅ ሲጻፍ አንዱ የሌላውን ጭራ ይዞ ይሄዳል፤ የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይቆማል። ትልቅና ትንሽ የሚባል ዓይነትም የለውም፣ ስለዚህ የስም መጀመሪያ በመጠን ካልሆነ በቀር ከሌላው አይለይም። ባልሆነ ቦታ ጭራ ቀጥሎ ፊደልን ከፊደል ማሰር ካርዱን ለማንበብ አስቸጋሪ ከማድረግ አያልፍም። ጎበዝ ዲዛይነር ሌላ መንገድ ይፈልጋል። የ“ገ”ን እግር ያስረዝማል፣ ሰፊውን “ሠ” ከጠባቡ “ነ” ጋር ያመዛዝናል፣ በፊደሎቹ መካከል ያለውን ክፍተት አንድ በአንድ በእጁ ያስተካክላል።

የሙሽሮቹን ስም የመጀመሪያ ፊደላት አጣምሮ ምልክት መሥራት ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ሙሽራዋ ሄለን፣ ሙሽራው መስፍን ቢባሉ “ሄ”ና “መ”ን ማዋሐድ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ፊደላችን የሚበልጥበት ነገር አለ፤ “ሄ” ድምፁን ከነአናባቢው ስለሚይዝ የሄለን ምልክት ከሃና ወይም ከሕሊና ምልክት ጋር አይምታታም። በእንግሊዝኛ ቢሆን ሦስቱም በአንድ ፊደል ይጀምራሉ። ግን ያቺው “ሄ” እግሯ ላይ ያለችው ትንሽ ቀለበት የዲዛይነሩ ራስ ምታት ናት። ካርዱ ላይ ወርቃማ ፎይል የሚታተመው በጋለ ብረት ተጭኖ ነው፤ ቀለበቷ በጣም ካነሰች በፎይሉ ትደፈናለች፣ ከርቀትም “ሄ” የምትመስለው “ሂ”ን ይሆናል። ወረቀት በሌዘር ሲቆረጥ ደግሞ ጣጣው ሌላ ነው። ፊደሉ ተቆርጦ ወረቀቱ ላይ ክፍተት ሆኖ እንዲታይ ከተፈለገ የ“መ” ሁለት ክቦች ውስጣቸው ወልቆ ይወድቃል፣ የሚቀረው ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው። ይህን የሚያውቅ ዲዛይነር በክቦቹ ላይ ቀጭን ድልድይ ትቶ ውስጡን ከውጩ ጋር ያያይዛል። “ለ”፣ “ሰ”፣ “በ” እና “ተ” የተዘጋ ክፍል ስለሌላቸው ያለ ጭንቀት ይቆረጣሉ።

ኩባያውም የራሱ ሕግ አለው። ንድፉ በልዩ ቀለም ወረቀት ላይ ተገልብጦ ይታተምና በኩባያው ላይ ተጠቅልሎ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ለጥቂት ደቂቃ ይጫናል። ቀለሙ ወደ ጋዝ ተለውጦ ኩባያው በተቀባው የፖሊመር ሽፋን ውስጥ ይገባል። ሽፋኑ የሌለው ተራ ኩባያ ቀለሙን አይዝም። ንጹሕ ጥጥም እንደዚያው ነው፤ ስለዚህ ነጠላ ወይም ጋቢ ላይ ስም የሚፈልግ ሰው ወደ ጥልፍ ቢሄድ ይሻለዋል። ንድፉን መገልበጥ የረሳ ሠራተኛ ስህተቱን ቶሎ ላያየው ይችላል፣ ምክንያቱም “ሀ”፣ “መ” እና “ሠ” ተገልብጠውም ያው ናቸው ማለት ይቻላል።

ዕቃን በሰው ስም ማሠራት ከኮምፒውተር ጋር የመጣ የሚመስለው ካለ ክታብን ያስታውስ። ክታብ የሚጻፈው ለአንድ ሰው፣ በክርስትና ስሙ ነበር፤ የብራናው ርዝመትም ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው በቁመቱ ልክ ይደረግ ነበር። በብራና መጻሕፍትም ያስጻፈው ሰው ስም በጸሎቱ መካከል ይገባል፣ መጽሐፉ እጅ ሲለውጥ አሮጌው ስም ተፍቆ የአዲሱ ባለቤት ስም ይተካል። የገጹን አናት የሚያስጌጠው ሐረግ፣ ለቅዱሳት ስሞች የተለየው ቀይ ቀለም፣ ሁሉም ለዛሬ ካርድ የሚሆን ሀብት ነው። ፊደል ብቻውን ሥዕል መሆን እንደሚችልም በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረው አሜሪካ የኖሩት ሠዓሊ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ በሸራ ላይ አሳይተውናል። ይህ ሁሉ እያለ ርግብና ጽጌረዳ ከበይነ መረብ አውርዶ መለጠፍ፣ በእኔ እምነት፣ ስንፍና ነው።

የካርዱ ጽሑፍም ቀላል አይደለም። ጥሪው የሚወጣው በወላጆች ስም ስለሆነ ማዕረግ ይከበራል፣ በሕይወት የሌለ ወላጅ ስም የት እንደሚገባ ቤተሰብ ይመክርበታል። የሴት ወገንና የወንድ ወገን የየራሳቸውን ካርድ ካሳተሙ “ልጃችን” የሚለው ቃል በእያንዳንዱ ላይ ወደ ሌላ ሰው ይዞራል፤ ዲዛይነሩ አንዱን ገልብጦ ሌላውን ሲሠራ ይህን ከዘነጋ ጉድ ፈላ ማለት ነው። ከዋሽንግተን የሚመጣ እንግዳ ካለ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፋል፦ እሑድ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ለእሱ ጃንዋሪ 26 ቀን 2025 ነው። ሰዓቱ ደግሞ ይብሳል። ለእኛ ከቀኑ 6 ሰዓት እኩለ ቀን ነው፤ በውጭ አገር ሰዓት የለመደ ሰው ግን በማለዳ ወይም ሲመሽ ሊደርስ ይችላል።

ንድፉ ወደ ማተሚያ ቤት ሲላክ ሌላ ወጥመድ ይጠብቃል። ኮምፒውተሮች በሚጋሩት የፊደል ቁጥር ሥርዓት በዩኒኮድ ግዕዝ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩ የግዕዝ መጻፊያዎች ፊደሉን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቁጥር ስለሚይዙት አንዱ ኮምፒውተር ላይ “ሠርግ” ያለው ሌላው ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ዲዛይነሮች መላው ገብቷቸዋል፤ ከመላካቸው በፊት ፊደሉን ሁሉ ወደ ቅርፅ ይቀይሩታል። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ፊደል ለማረም ወደ መጀመሪያው ፋይል መመለስ ያስፈልጋል።

ዛሬ ብዙ ጥሪ በቴሌግራም ይላካል፤ ወረቀትም ተወዷል። ቢሆንም ለታላላቆች ካርዱን በእጅ ማድረስ አልቀረም። እናንተም ልታሳትሙ ካሰባችሁ ስማችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ፤ በስልክ የተነገረ ስም “ሠ”ውን በ“ሰ”፣ “ሐ”ውን በ“ሀ” ለውጦ ይመጣል። ናሙናውንም በስክሪን ሳይሆን በሚታተምበት ወረቀት ላይ አይታችሁ፣ ከእናት ከአባት አንዱን አስነብባችሁ ፈርሙ። ከተፈረመ በኋላ ያለው ስህተት ወጪው የእናንተ ነው።