እንግዳም ሥራ አለው፦ ከኪዮቶ ሻይ ለቡናችን

በውጭ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ ቡና ሥርዓታችን ስናወራ ደረታችን ይነፋል። ለሥራ ባልደረቦቻችን ስልካችንን አውጥተን ረከቦቱን፣ ጀበናውን፣ የእጣኑን ጭስ እናሳያለን። ቡናን ለዓለም ያበረከትነው እኛ ነን እንላለን፤ እውነትም ነው። ግን እስኪ እርስ በርሳችን በግልጽ እንነጋገር። ባለፈው አንድ ወር ቤታችሁ ውስጥ ስንት ጊዜ እስከ በረካ ድረስ ተጠጣ? ከተጠጣስ የቆላው፣ ያፈላው፣ የቀዳው፣ በመጨረሻም ሲኒውን ያጠበው ማን ነው?

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ሴት ናት። እሷም ሳምንቱን ሙሉ ሆስፒታል ወይም ቢሮ ስትሠራ የከረመች ናት። ሌላው ሶፋ ላይ ሆኖ ስልኩን ይነካካል፤ ሲኒው ሲመጣለት ቀና ሳይል ይቀበላል። እኔም ሴት ነኝ፤ ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ቡና አፍልቻለሁ። ጀርመን ከመጣሁ በኋላ ጀበናዬ ከዓመት በዓል በዓል ካልሆነ ከመደርደሪያ አይወርድም። ምክንያቱ ባህሌን መጥላት አይደለም። ድካም ነው።

ይህ ጉዳይ ቁልጭ ብሎ የታየኝ ግን ባልጠበቅሁት ቦታ፣ ጃፓን ውስጥ ነው። ባለፈው ኅዳር ኦሳካ ላይ ለሥራ ስብሰባ ሄጄ ነበር። ሲያበቃ በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ተጉዤ ኪዮቶ ገባሁና ሦስት ቀን ቆየሁ። እዚያ ሄዶ የሻይ ሥርዓቱን ሳያዩ መመለስ ላሊበላ ደርሶ ቤተ ጊዮርጊስን ሳያዩ እንደ መመለስ ነው ብለው መከሩኝና አንድ ቦታ ያዝኩ።

«ሻይ ቤት» ስላችሁ አዲስ አበባ በብርጭቆ ሻይና በቦምቦሊኖ የምናውቀው እንዳይመስላችሁ። ከግቢው ጥግ የቆመች፣ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራች ትንሽ ጎጆ ናት። መግቢያዋ በር ሳይሆን መስኮት ትመስላለች፤ ከፍታዋ ወደ 66 ሴንቲ ሜትር ነው። ማንም ቢሆን የሚገባው ተንበርክኮ እየተንፏቀቀ ነው። በድሮ ዘመን ጦረኛው ሳሙራይ እንኳ ሰይፉን ውጭ ሰቅሎ ነበር የሚገባው። ውስጡ ወለሉ ታታሚ በሚባል የሣር ምንጣፍ የተሸፈነ ነው። አንድ በብሩሽ የተጻፈ ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ አንድ ዘለላ አበባ አለ። ወንበር የለም፣ ጠረጴዛ የለም። ከኅዳር ጀምሮ ቅዝቃዜው ስለሚገባ ወለሉ ውስጥ የተቆፈረው ምድጃ ተከፍቷል፤ ከሰሉ ላይ የተጣደው የብረት ማሰሮ ይንሾካሾካል።

አራት እንግዶች ነበርን። አስተናጋጃችን ስድሳውን ያለፉ የሚመስሉ እናት ናቸው፤ ኪሞኖ ለብሰዋል። ሥራቸውን ሲጀምሩ ማንም አላወራም። ከወገባቸው የሐር ጨርቅ አውጥተው በልዩ አኳኋን አጣጠፉና ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ጠረጉ። ዕቃዎቹ ንጹሕ ነበሩ፤ የሚጠረጉት እንግዳው እያየ ነው። ቀጥሎ የእኛን ጣባ በሚመስል የሸክላ ዕቃ ውስጥ ማቻ የሚባለውን አረንጓዴ የሻይ ዱቄት ጨመሩ። በቀርከሃ ጭልፋ ሙቅ ውኃ ቀዱበትና በቀርከሃ መምቻ አረፋ እስኪያወጣ መቱት። ያ መምቻ ከአንድ ቁራጭ ቀርከሃ ተሰንጥቆ የሚሠራ ሲሆን እንደ ፀጉር የቀጠኑ ብዙ ጥርሶች አሉት።

እንግዲህ የገረመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ዕቃው ሲቀርብልኝ ዝም ብዬ አልጠጣሁም፤ አስቀድሞ የምሠራው ሥራ ነበረኝ። መጀመሪያ በእኔና ከእኔ ቀጥሎ በሚጠጣው ሰው መካከል አድርጌው ለእሱ ጎንበስ ብዬ «ቀደምኩዎት» ማለት አለብኝ። ከዚያ ለአስተናጋጇ ጎንበስ ብዬ አመሰግናለሁ። ጣባውን በግራ መዳፌ ላይ አስቀምጬ በቀኝ እጄ ሁለት ጊዜ አዞረዋለሁ። የሚያምረው ፊቱ ወደ እኔ ስለቀረበልኝ፣ በትሕትና ከዚያ በኩል አልጠጣም። የመጨረሻውን ጉንጭ ድምፅ አሰምቼ እመጠዋለሁ። የነካሁትን ጠርዝ በጣቴ እጠርጋለሁ። ከዚያ ጣባውን ዝቅ ብዬ አየዋለሁ፤ ማን እንደሠራው እጠይቃለሁ። ከእንግዶቹ መካከል የመጀመሪያው ደግሞ የሁሉም አፈ ጉባኤ ነው፤ ጽሑፉ ምን እንደሚል፣ ጣፋጩ ከየት እንደመጣ የሚጠይቀው እሱ ነው። ይህን ሁሉ አስቀድመው በእንግሊዝኛ አስረድተውናል።

እኔ ያየሁት ለመንገደኛ የተዘጋጀውን፣ አንድ ሰዓት የማይሞላውን ነው። ሙሉው ግን ምግብ፣ ወፍራም ሻይ፣ ቀጭን ሻይ እያለ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ወፍራሙን ሻይ እንግዶቹ ከአንድ ጣባ በየተራ ይጠጡታል። ስንጨርስ አስተናጋጇን «ይህን ለመማር ስንት ዓመት ፈጀብዎት?» አልኳቸው። ፈገግ ብለው «ሻይ መሥራቱን ብዙ ዓመት ተማርኩ፤ ጥሩ እንግዳ መሆኑን ግን አሁንም እየተማርኩ ነው» አሉኝ። ለካስ እንግድነትም ትምህርት አለው!

ይህ ነገር ከየት መጣ? ሻይ ጃፓን ውስጥ ቀድሞም ይታወቅ ነበር፤ የዱቄቱን ሻይ ከቻይና አምጥቶ ያስፋፋው ግን ኤይሳይ የሚባል መነኩሴ ነው ይባላል። የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1191 ሲሆን በ1202 ኪዮቶ ላይ የመሠረተው የኬኒንጂ ገዳም ዛሬም አለ። መነኮሳቱ ሻይ የሚጠጡት በጸሎት ሰዓት እንዳያንቀላፉ ነበር። የእኛስ የቡና ታሪክ? ፍየሎቹን ከተከተለው ካልዲ ቀጥሎ የሚነገረው መነኮሳቱ ሌሊት ነቅተው ስለመጸለያቸው አይደል? ሁለቱም መጠጦች እንቅልፍን በማባረር ነው ስም ያወጡት።

ሥርዓቱን ዛሬ ባለው መልኩ ያቆመው ግን ሴን ኖ ሪኪዩ (1522–1591) ነው። የሳካይ ከተማ የነጋዴ ልጅ ነበር። በጊዜው ኃያል የነበረው ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ በወርቅ ያስለበጠው ተንቀሳቃሽ የሻይ ክፍል ነበረው፤ ሪኪዩ የዚሁ ሰው የሻይ መምህር ሆኖ ሳለ የራሱን ልብ የማረከው ግን የጭቃ ግድግዳና ሻካራ የሸክላ ጣባ ነው። የእሱ ሥራ ነው የምትባለው ታይአን የተባለች ክፍል ስፋቷ ሁለት ታታሚ ብቻ ሲሆን ዛሬ የጃፓን ብሔራዊ ቅርስ ናት። በ1591 ሂዴዮሺ ሪኪዩን ራሱን እንዲገድል አዘዘው፤ ምክንያቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሰውዬው ሞተ፣ ሥርዓቱ ግን ተረፈ። ከልጅ ልጁ ልጆች የወጡት ኦሞቴሴንኬ፣ ኡራሴንኬና ሙሻኮጂሴንኬ የሚባሉት ሦስት ቤቶች ከአራት መቶ ዓመት በኋላም ኪዮቶ ውስጥ ያስተምራሉ።

ጃፓንን ዝም ብዬ እያሞገስኩ እንዳይመስላችሁ። ነገሩን በትምህርት ቤትና በማዕረግ ማሰራቸው ዋጋ አለው። ተማሪው በየደረጃው ፈቃድ ይቀበላል፣ ለየፈቃዱም ይከፍላል። ኪሞኖው፣ ዕቃው፣ መምህሩ ሁሉ ገንዘብ ነው። ሥርዓቱ ለወጣቱ ሩቅና ውድ እየሆነበት ነው ብለው የሚያሙት ራሳቸው ጃፓኖች አሉ። የእኛ ቡና ፈቃድ አይጠይቅም፤ ጎረቤት ሰተት ብሎ ይገባል። ይህን ሀብት በምንም አልለውጠውም።

ከዚህ በላይ ያስገረመኝ ታሪክ ግን የጾታው ነው። በሪኪዩ ዘመን ሻይ በዋናነት የወንዶች ነበር፤ የነጋዴዎች፣ የጦረኞችና የመነኮሳት። ጀነራሎች ተንበርክከው ለእንግዳቸው ሻይ ይመቱ ነበር፤ ክብራቸው አልተነካም። ሴቶች በብዛት የገቡት ከ1868ቱ የሜጂ ለውጥ በኋላ፣ የልጃገረዶች ትምህርት ቤቶች እንደ ሥነ ምግባር ትምህርት ማስተማር ሲጀምሩ ነው። ዛሬ አብዛኛው ተማሪ ሴት ነው። እንግዲህ አንድ ባህል ከወንድ እጅ ወደ ሴት እጅ መሻገር ከቻለ፣ «ይህ የሴት ሥራ ነው፤ ከጥንት የመጣ ነው» የሚለው ክርክር ብዙም አያስኬድም።

የእኛም ቢሆን ከጥንት እንዲሁ እንደነበረ አድርገን ስለምናወራው ነው። የሰሜኑ ደጋ ክርስቲያን ለረጅም ዘመን ቡናን የእስላም መጠጥ ነው ብሎ ይሸሽ ነበር። በሰፊው መጠጣት የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ዛሬ ያለ ቡና መኖር አንችልም የምንለው ብዙዎቻችን ቅድመ አያቶቻችን ቡና አይጠጡም ነበር ማለት ነው። ባህል ይለወጣል። ለውጡ እንዴት ይሁን የሚለው ላይ ግን እኛም ድምፅ አለን።

ልብ በሉ፤ የእኛም እንግዳ ሥራ ነበረው። እናቴ ሰፈር ቡና ሲፈላ አንዱ ልጅ ጎረቤት ለመጥራት ይሮጣል፤ አንዷ ቆሎ ወይም አምባሻ ይዛ ትመጣለች። የተቆላው ሲዞር ሁሉም ጭሱን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ «ግሩም ነው» ይላል። አቦል ለትልቅ ሰው ይቀድማል። ታላቁ ይመርቃል፣ ሌላው «አሜን» ይላል። የታመመው ይጠየቃል፣ የተጣላው ይታረቃል። ይህ ሁሉ የእንግዳ ሥራ ነው። ጃፓኖች ጽፈው፣ አስተምረው አቆዩት፤ እኛ አብረን ስለኖርን መጻፍ አላስፈለገንም። ስንሰደድ ግን ጀበናውን በሻንጣ ይዘን መጣን፤ የእንግዳውን ሥራ ጎረቤቱ ጋ ጥለነው መጣን። የቀረው አፍዪው ብቻ ነው፤ ያም በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ።

ኦካኩራ ካኩዞ የሚባል ጃፓናዊ እንደ ብዙዎቻችን በሰው አገር የሚሠራ ባለሙያ ነበር፤ ቦስተን በሚገኘው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ። በ1906 ስለ ሻይ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ በቀጥታ በእንግሊዝኛ ጻፈ። ምዕራባውያን ስለ ሻይ ሥርዓቱ ያላቸው ግንዛቤ በብዙው ከዚያች መጽሐፍ የመጣ ነው። ስደተኛ ባህሉን ከመናፈቅ አልፎ ማስረዳት፣ አስተካክሎም ማውረስ እንደሚችል ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? እኔ የማስበው ትንሽ ነገር ነው። በየሳምንቱ ይሁን አልልም፤ በወር አንድ እሁድ ይበቃል። ያን ቀን የሚያፈላው ሰው በተራ ይሁን፤ ባልም፣ ወንድምም፣ አብሮ የሚኖር ተማሪም። መቁላት የማይችል ካለ ይማር፤ የጃፓን ጦረኛ ከተማረ እሱ ምን ይከለክለዋል? ጭሱ ማስጠንቀቂያውን የሚያስጮህበት አፓርታማ ያለው ሰው የተቆላ ገዝቶ ይወቅጥ፤ የጃፓኑም ሻይ ከብዙ ወግ ተቀንሶ ለመንገደኛ ሲቀርብ ነፍሱ አልወጣችም።

ዋናው ግን እንግዳው ነው። ስልኩን እንደ ሳሙራይ ሰይፍ በር ላይ ያስቀምጥ። ባዶ እጁን አይምጣ፤ ፈንዲሻም ቢሆን ይያዝ። ከእሱ ቀጥሎ የተቀመጠውን «ደኅና ነህ ወይ?» ብሎ መልሱን ይጠብቅ። እዚህ የተወለዱት ልጆች ሲኒ ያዙሩ፣ አቦል ለማን እንደሚቀድም ይወቁ፤ ምርቃቱን ባይገባቸውም «አሜን» ይበሉ። ሲያበቃ ሲኒ የሚያጥበው የጠጣው ሰው ይሁን።

ጃፓኖች «ኢቺጎ ኢቺዬ» የሚሉት አባባል አላቸው፤ እያንዳንዱ መገናኘት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያው ሰው በያው ቤት ተመልሶ ቢመጣ እንኳ ያቺ ሰዓት አትደገምም ማለት ነው። በስደት ላለን ሰዎች ይህ ፍልስፍና አይደለም፤ የምናውቀው ኑሮ ነው። አንዱ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፣ ሌላዋ አገር ቤት ትገባለች፤ ባለፈው ዓመት አብረውን በረካ የጠጡ ሰዎች ዛሬ ሁሉም አጠገባችን የሉም። ስለዚህ በመጪው እሁድ ቡና ከተጠራችሁ ደውላችሁ «ምን ይዤ ልምጣ? ማንስ ነው የሚቆላው?» ብላችሁ ጠይቁ።