ገዳዩ ሥር ሲቀቀል

በቻይናዋ ሲቿን ግዛት፣ ጂያንግዮው በተባለ አካባቢ ወይን ጠጅ አበባ የሚያወጣ ተክል ይመረታል። ወገኑ አኮኒተም ይባላል። አበባው ቢያምርም የሚፈለገው ሥሩ ነው። ዋናው ሥር በቻይንኛ «ዉቶው» ነው፣ የቁራ ራስ ማለት ነው። ከጎኑ ተለጥፎ የሚያድገው ደግሞ «ፉዚ»፣ የተለጠፈ ልጅ እንደማለት። ሰውነት ያሞቃል፣ ሕመም ያስታግሳል እየተባለ ለ2,000 ዓመት ገደማ ሲታዘዝ ኖሯል።

ጉዱ ምን መሰላችሁ? ይሄው ሥር ጥሬውን ሰው ይገድላል። በውስጡ አኮኒቲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ 2 ሚሊግራም ያህሉ ብቻ አዋቂ ሰው ሊገድል ይችላል።

የነርቭና የልብ ጡንቻ ሴሎቻችን ሶዲየም የሚያስገቡ ጥቃቅን በሮች አሏቸው። በሩ ይከፈታል፣ የኤሌክትሪክ መልእክቱ ይነሳል፣ ወዲያው ይዘጋል። አኮኒቲን ግን በሩን በድንጋይ እንደማስደገፍ ክፍቱን ያስቀረዋል። መጀመሪያ ከንፈርና ምላስ ይደነዝዛል፣ ቀጥሎ የልብ ምት ይዘበራረቃል። ማርከሻ የለውም፤ ሐኪሞች መርዙ ከሰውነት እስኪወጣ ልብንና ትንፋሽን ደግፈው ለማቆየት ይታገላሉ።

ታዲያ እንዴት መድኃኒት ሆነ? በመዘፍዘፍና ለሰዓታት በመቀቀል። አኮኒቲን መርዛማነቱን የሚሰጡት ሁለት ቅጥያዎች አሉት። የፈላ ውሃ መጀመሪያ አንዱን ይቆርጥና መርዛማነቱ በመቶዎች እጥፍ ይወርዳል። ቆይቶ ሁለተኛው ሲቆረጥ ደግሞ ከዚያም በታች ይሆናል።

ኢንጂነር ስለሆንኩ ይሆናል፣ እኔን የሚያሳስበኝ ሙቀቱ ነው። በዩናን ግዛት ሥሩን በብርዱ ወራት ከሥጋ ጋር ቀቅለው የሚበሉ ሰዎች አሉ፣ የሚመረዙም አሉ። ዋና ከተማዋ ኩንሚንግ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሽምብራ ቀቅላችሁ የምታውቁ ነገሩ ይገባችኋል። ድስቱ ይንተከተካል፣ መርዙ ግን የሚፈርሰው በዝግታ ነው። አረቄ ውስጥ መዘፍዘፉማ ይብሳል፤ አልኮሉ አኮኒቲኑን ከሥሩ ይስበዋል፣ የሚያፈርሰው ሙቀት ግን የለም።

መብቃቱ በምን ይታወቃል? የቻይና መንግሥት የመድኃኒት መመሪያ ስለ ዋናው ሥር ሲያዝ፣ ትልቁን መርጣችሁ ስትቆርጡት መሃሉ ነጭ እንዳይሆን፣ ሲቀመስም ምላስን በትንሹ ብቻ እንዲያደነዝዝ ይላል። መርዙን በምላስ መለካት እኮ ነው! ደግነቱ መመሪያው በዚህ አያበቃም፤ የቀረው አኮኒቲንና ዘመዶቹ በላቦራቶሪ መሣሪያ ተለክተው ከተወሰነ መጠን እንዳያልፉ ያስገድዳል። ቤት ውስጥ የሚቀቅል ሰው ግን ያለው ምላሱ ብቻ ነው።