የፊኛ ናሙና ውጤት "ካንሰር የለም" ሲል ምን ማለት ነው?



ዛሬ የማወራችሁ ጥሩ ዜና ሰምተው ስለሚጨነቁ ሰዎች ነው። ሽንት ደም ይቀላቅላል፤ አልትራሳውንድ ሲታዩ "ሽንት ፊኛ ላይ እባጭ አለ" ይባላሉ። ከዚያ በሲስቶስኮፒ፣ ማለትም በሽንት ቧንቧ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ፣ ናሙና ይወሰዳል። ቤተሰብ ካንሰር ነው ብሎ ሲጠብቅ ውጤቱ "ሲስታይቲስ ሲስቲካ፣ ካንሰር የለም" ብሎ ይመጣል። ወረቀቱን ይዘው የሚመጡ ታካሚዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ "ዶክተር፣ እውነቱን ደብቀውኝ ይሆን እንዴ?" ብለው ነው።

አይፈረድባቸውም። እኛ ጋ ክፉ ዜና ለታማሚው ሳይነገር ለቤተሰብ ብቻ የሚነገርበት ጊዜ አለ። ወረቀቱ የሚለውን ካወቃችሁ ግን ጥርጣሬው ይቀላል።

ካንሰር ሳይሆኑ ካንሰር የሚመስሉ

👉 ሲስታይቲስ ሲስቲካ፦ የፊኛው የውስጥ ሽፋን በተደጋጋሚ ኢንፌክሽን፣ በጠጠር ወይም ብዙ በቆየ ካቴተር ሲቆጣ ፈሳሽ የቋጠሩ ትናንሽ ከረጢቶች ይሠራል። በካሜራ ሲታይ ዕጢ ሊመስል ይችላል። ዋናው ሕክምና ፊኛውን የሚያስቆጣውን ነገር ፈልጎ ማስወገድ ነው።

👉 ኢንቨርትድ ፓፒሎማ፦ ከሽፋኑ ወደ ታች የሚያድግ፣ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ነው። ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ ከወጣ ተመልሶ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው።

👉 የሽንት ቢልሃርዚያ፦ በአገራችን እንደ አዋሽ ሸለቆ ባሉ አንዳንድ ቆላማ ቦታዎች ይገኛል። የትሉ እንቁላሎች ፊኛው ግድግዳ ውስጥ ተቀብረው እባጭ ያመጣሉ። በፕራዚኳንቴል ይታከማል። ለዓመታት ሳይታከም ከቆየ ግን ለፊኛ ካንሰር ያጋልጣል፤ ስለዚህ "ካንሰር አይደለም" ተብሎ ችላ አይባልም።

ታዲያ ውጤቱን እንመነው?

ፓቶሎጂስቱ የሚያየው የተላከለትን ቁራጭ ብቻ ነው። ቁራጩ ደግሞ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ናሙናውን የወሰደላችሁን ሐኪም እነዚህን ጠይቁ፦

1. ናሙናው የተወሰደው ከእባጩ ራሱ ነው? በቂስ ነበር?
2. እባጩ በሙሉ ወጥቷል ወይስ የቀረ አለ?
3. ውጤቱ በካሜራ ካያችሁት ጋር ይሄዳል? የማይሄድ ከሆነ ናሙናው ሊደገም ወይም ስላይዱ በሌላ ፓቶሎጂስት ሊታይ ይችላል።
4. ለክትትል መቼ ልመለስ?

ሐኪሙን መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ አትፈሩ። የውጤቱን ወረቀትም ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ይህን አትርሱ

ሽንታችሁ እንደገና ደም ከቀላቀለ "ባዮፕሲው ነፃ ነህ ብሎኛል" ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። በተለይ ዕድሜያችሁ ከ40 በላይ ከሆነ ወይም ሲጋራ የምታጨሱ ወይም ድሮ ያጨሳችሁ ከሆነ፣ ሕመም ባይኖረውም፣ አንዴ ታይቶ ቢጠፋም፣ ተመርመሩ። ደሙ ረግቶ ሽንት ከከለከላችሁ፣ ወይም ትኩሳትና የጎን ሕመም ከመጣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ጥሩ ውጤት የደረሳችሁ እንኳን ደስ አላችሁ! የክትትል ቀጠሯችሁን ግን አትሰርዙ።

ይጠቅመዋል ለምትሉት ሰው አጋሩት።