ዜማው ይፈለጋል፣ ደራሲው ይቆይ

በቬትናም ጦርነት ዘመን የሳይጎን መንግሥት ወታደርና እሱን የሚወጋው የነፃ አውጪ ግንባር ታጣቂ ሰንደቅ ዓላማቸውን ሲሰቅሉ የሚዘምሩት ለየቅል ነበር። የሁለቱንም መዝሙር ዜማ የደረሰው ግን አንድ ሰው ነው፤ ሉ ሁ ፉክ።

ሉ በ1921 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሜኮንግ ወንዝ ዴልታ ተወለደ። አገሩ በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሥር ሳለች፣ ሃኖይ ሲማር ለተማሪዎች የሰልፍ መዝሙር ሠራ። ዜማው ከግቢ ወጥቶ አገሩን አዳረሰ። በ1948 ፈረንሳዮች የሚደግፉት መንግሥት ግጥሙን ቀይሮ ብሔራዊ መዝሙሩ አደረገው። ደራሲው በዚያን ጊዜ ፈረንሳይን ከሚወጉት ጋር ተሰልፎ ነበር። ተቃወመ፤ የሰማው የለም። በ1961 ደግሞ ከሁለት ወዳጆቹ ጋር ሆኖ፣ በብዕር ስም፣ ለነፃ አውጪው ግንባር አዲስ መዝሙር ጻፈ። በ1975 ሳይጎን ስትወድቅ የሰውየው አንዱ ሥራ ሌላውን ከሥልጣን አወረደው ማለት ነው።

በዚያ ዘመን የቬትናም ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለው መጠላለፍ ደጋግሞ ይመጣል። ገዢዎች ዜማውን ይሻሉ፤ ሰውየው ግን ይከብዳቸዋል። ይህ እንደ ቫን ካኦ የጠናበት ደራሲ አይገኝም።

ቫን ካኦ በ1923 በወደብ ከተማዋ ሃይፎንግ የተወለደ ገጣሚ፣ ሠዓሊና የዜማ ደራሲ ነው። ሃያ ዓመት ሳይሞላው የፍቅርና የትዝታ ዘፈኖቹ በወጣቱ አፍ ገብተው ነበር። በ1944 መገባደጃ ሃኖይ ሲቀመጥ ግን የሰሜኑ አገር በረሃብ ተመቶ ነበር፤ በዚያ ረሃብ ያለቀውን ሕዝብ አንዳንዶች በመቶ ሺዎች፣ ሌሎች እስከ ሁለት ሚሊዮን ይገምቱታል። ወጣቱ ከኮሙኒስቶቹ የቪየት ሚን ንቅናቄ ሰዎች ጋር ሲገናኝ መሣሪያ የሚሰጡት መስሎት ነበር። የተሰጠው ትእዛዝ ዘፈን ጻፍ የሚል ሆነ። የሚጽፍላቸውን ተዋጊዎች አንድ ቀን አይቷቸው አያውቅም፤ የጦር ቀጠናውንም እንዲሁ። የሚያውቀው የሃኖይን ጎዳናዎችና በየጥጉ የወደቀውን ረሃብተኛ ነው። ከአንድ ቤት ፎቅ ላይ፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ «ቲየን ኩዋን ካ» የተባለውን የዘመቻ መዝሙር ጨረሰ። ኖታውንም በገዛ እጁ በድንጋይ ማተሚያ ላይ ጽፎ በኅቡዕ ለሚታተም ጋዜጣ አዘጋጀ።

ነሐሴ 17 ቀን 1945 በሃኖይ ኦፔራ ቤት አደባባይ የመንግሥት ሠራተኞች ለሌላ ጉዳይ ተሰብስበው ሳለ የቪየት ሚን ሰዎች መድረኩን ነጠቁ። ቀዩ ባንዲራ ከሰገነቱ ላይ ተዘረጋ፤ መዝሙሩም አስተጋባ። በሚቀጥለው ዓመት የአገሪቱ ብሔራዊ መዝሙር ሆነ።

ጣጣው የመጣው በፈረንሳይ ላይ ከተገኘው ድል በኋላ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ የሃኖይ ደራሲያን ለኪነ ጥበብ ነፃነት ይሰጠን ብለው በመጽሔት ሲጽፉ ቫን ካኦም አብሯቸው ነበር። ገዢው የኮሙኒስት ፓርቲ እንቅስቃሴውን ደፈጠጠው። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሕዝቡ መዝሙሩን ሲዘምር የሌሎቹ ዘፈኖቹ ድምፅ ጠፋ። ደራሲው የመጽሐፍ ሽፋንና የጋዜጣ ሥዕል እየሠራ ኖረ። ለ1976 አዲስ ዓመት የሰላሙን የመጀመሪያ ጸደይ የሚቀበል ዘፈን ጻፈ፤ ግን ለስላሳ ቫልስ ነው፣ ፉከራ የለበትም። ድል አድራጊዎቹ አልወደዱትም። በ1981 ጭራሽ መዝሙሩን የሚተካ ሥራ ለማግኘት አገር አቀፍ ውድድር ተከፈተ፤ የሚተካው ስላልተገኘ ነገሩ ተድበስብሶ ቀረ። ቫን ካኦ በ1995 አረፈ፣ ታላቁ የመንግሥት ሽልማትም በዓመቱ ተሰጠው። ቤተሰቡ መዝሙሩን በ2016 ለሕዝብ በስጦታ አስረከበ። ይህም ሆኖ በታኅሣሥ 2021 ቬትናም ከላኦስ ጋር እግር ኳስ ስትጫወት የዩቲዩብ አስተላላፊው የቅጂ መብት ክስ ፈርቶ መዝሙሩ ሲመጣ ድምፁን ዘጋ። ተመልካቹ ተቆጣ፤ መንግሥትም ማንም ሊከለክለው አይችልም ሲል መግለጫ አወጣ።

በሳይጎን መንግሥት ሥር በነበረው ደቡብ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። ትሪን ኮንግ ሶን የሚታወቀው በማርሽ አልነበረም። በ1939 የተወለደው የሁዌ ከተማ ልጅ ከውትድርና ምልመላ እየተሸሸገ፣ በጊታር ብቻ የሚታጀቡ ዘፈኖች ያወጣ ነበር። በ1967 ሳይጎን ውስጥ በሥነ ጽሑፍ ፋኩልቲው አጠገብ በነበረ ደሳሳ ካፌ ካን ሊ የተባለችው ድምፃዊት ጫማዋን አውልቃ ስትዘፍንለት ተማሪው ግቢውን ይሞላው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ኮሙኒስቶቹ የከፈቱት የቴት ጥቃት ሁዌን ሲያፈራርሳት እዚያው ነበረና በየመንገዱና በየጣሪያው ያየውን ሬሳ ዘፈነው። ከነዚህ ዘፈኖች በአንዱ ሐዘን አእምሮዋን ያናወጣት እናት በልጇ ሬሳ ላይ ታጨበጭባለች። የሳይጎን መንግሥት ወኔ ያቀልጣል ብሎ በ1969 ዘፈኖቹን አገደ። ሃኖይም አልወደደችውም፤ እርሷ አሜሪካን የመመከት ትግል የምትለውን ትሪን የወንድማማቾች ጦርነት ብሎታልና። ሁለት ተፋላሚዎች በአንድ ሰው ላይ ከተስማሙ፣ ያ ሰው እውነት ሳይናገር አልቀረም ያሰኛል።

ሳይጎን በወደቀችበት ዕለት፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1975፣ ትሪን በከተማዋ ሬዲዮ ቀርቦ አንድነትን የሚሰብክ ዘፈኑን ዘፈነ። ከአገር የተሰደዱ ብዙዎች ይህን ይቅር አላሉትም፤ አዲሶቹ ገዢዎችም ለጉልበት ሥራ ወደ እርሻ ላኩት። በ2001 ሲሞት ግን ሕዝቡ በገፍ ወጥቶ ሸኘው። በዚያው በሚያዝያ 30 ቀን 1975 በሃኖይ ሬዲዮ የተሰማው የድል መዝሙር ደራሲ ፋም ቱየን ነው። ሁለት ቀን ቀደም ብሎ በአንድ ሌሊት ጻፈው፤ አባቱን ግን በ1945 የገደሉት ቪየት ሚኖች ናቸው።

የዜማ ደራሲውን ፋም ዱይንም አለማንሳት አይቻልም። በአርበኝነቱ ዘመን ከቪየት ሚን ጋር ሲዘፍን ቆይቶ፣ ሥነ ጥበብን የሚመራው የፓርቲው ትእዛዝ ስላንገፈገፈው በ1951 ወደ ሳይጎን ወረደ። ሺህ የሚጠጉ ዘፈኖች የደረሰ ሰው ነው። በ1975 ወደ አሜሪካ ሲሰደድ ዘፈኖቹ በአገር ቤት ታገዱ። ሰማንያ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ በ2005፣ ተመልሶ ሳይጎን ገባ። ባለሥልጣናቱ ዘፈኖቹን እየመረጡ በትንሽ በትንሹ ይፈቅዱ ጀመር፤ በ2013 ሲያርፍ አብዛኞቹ ገና ፈቃድ አላገኙም ነበር።