ውሻ በቀደደው ጅብ እንዳይገባ
ስለ ውሻ ቤት በር አሠራርና ስለ ቤተ ሰብ ጤና



«ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። ተረቱ ስለ ሰው ጠባይ ይነገራል። እኛ ግን ዛሬ ቃሉን እንዳለ ወስደን ስለ እውነተኛው ውሻና ስለ እውነተኛው ቀዳዳ ልናስረዳችሁ እንወዳለን። ውሻው በጥርሱ በልቶ በሚከፍተው በር የሚገባው ጅብ ብቻ አይደለምና፤ የእብድ ውሻ በሽታም፣ ቁንጫም፣ የሆድ ትልም በዚያው ይገባሉ።

«የጤና ሰዎች ሆናችሁ ስለ በር ምን አገባችሁ?» ትሉን ይሆናል። ያገባን እንዴት እንደ ሆነ አስቀድመን እንንገራችሁ።

ያጋጠመን ነገር

በአንድ የገጠር ቀበሌ ስንሠራ፣ ስድስት ዓመት የሆናትን ልጅ የጎረቤት ውሻ እጇን ነክሷት እናትዋ አዝላት መጣች። እናትዬዋ ብልህ ሴት ናትና ቁስሉን በውኃና በሳሙና አጥባ፣ ሳትውል ሳታድር ነው የመጣችው። ልጅቱ በዚያው ቀን ክትባቱ ተጀመረላት። የውሻውን ባለቤት ደግሞ «እንዳትገድለው፤ አሥር ቀን ዘግተህ ጠብቀው፤ ጠባዩን እንየው» አልነው። ሰውየውም እሺ ብሎ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣና ራሱን እያከከ፣ «አስገብቼው ነበር፤ በሩን በልቶት ሄደ እኮ!» አለን። ሄደን ስናይ በሩ ከቀርከሃ የተሠራ ነው፤ የታሰረውም በጠፍር ነው። ውሻው ሌሊቱን ጠፍሩን በልቶ፣ ቀርከሃውን ሰነጣጥቆ ወጥቷል። ከዚያ ወዲያ ውሻው የት እንደ ደረሰ አልታወቀም። ታሞ ይሁን ጤነኛ የሚያውቅ ስለ ጠፋ ልጅቱ ክትባቷን አንድም ሳታጓድል እንድትጨርስ ግድ ሆነ። እናትዋ በየቀጠሮው እሷን አዝላ የግማሽ ቀን መንገድ ተመላለሰች። ደግነቱ ልጅቱ ደኅና ናት።

በዚህ ነገር ባለቤቱን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ ጥፋቱ የኛም ነው። «ዝጋው» አልነው እንጂ፣ በምን እንደሚዘጋው አልነገርነውም፤ በሩንም አላየንም። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ስለዚህ ነው።

አሥሩ ቀን ለምንድር ነው?

የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው በዓይን በማይታይ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ በታመመው ውሻ ለሃጭ ውስጥ ይገኛል፤ ውሻው ሲነክስ፣ ወይም የቆሰለ ገላ ሲልስ ወደ ሰው ይገባል። ከዚያም በነርቭ መንገድ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ብዙ ጊዜ ምልክቱ የሚታየው ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ ሊያጥርም ሊረዝምም ይችላል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ሳይታይ በጊዜው የተከተበ ሰው ግን ይድናል። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር በ1877 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1885) ውሻ የነከሰውን አንድ ልጅ ከትቦ ይህን ለዓለም አሳይቷል።

ውሻ በለሃጩ በሽታውን ማስተላለፍ ከጀመረ በጥቂት ቀን ውስጥ ራሱ ታሞ ይሞታል። ስለዚህ ሰው የነከሰ ውሻ አሥር ቀን ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በነከሰበት ቀን በሽታው በለሃጩ አልነበረም ማለት ነው። ያን ጊዜ ሐኪሙ የቀረውን መርፌ ሊያቋርጥ ይችላል። ይሁን እንጂ፣ እናቶች ሆይ፣ አንድ ነገር አትሳቱ፦ አሥሩ ቀን የሚጠበቀው ውሻው ነው እንጂ ልጁ አይደለም። ልጁ በተነከሰበት ቀን ቁስሉ 15 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ውኃና በሳሙና ይታጠብ፤ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። በቁስሉ ላይ በርበሬ፣ ቡና፣ ቅቤ ወይም አመድ አይደረግ።

ውሻ በር የሚበላው ለምንድር ነው?

ውሻ በር የሚበላው በክፋት አይደለም። ቡችላ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ዕድሜው የወተት ጥርሱን ስለሚለውጥ ድዱ ያሳክከዋል፤ ያገኘውን ሁሉ ይቆረጥማል። ትልቁ ውሻ ደግሞ ሲርበው፣ ሲጠማው፣ ሲሞቀው፣ ብቻውን ሲሆን፣ ሴት ውሻ ስትፈልግ ሲሸተው ለመውጣት በሩን ይታገላል። እንግዲህ ጠንካራ በር ብቻውን አይበቃም፤ ውሻው መጠጥና መብል ይኑረው፤ የሚቆረጥመው የደረቀ የወይራ ጉማጅ ይሰጠው።

ነገር ግን ጭምት የነበረ ውሻ በድንገት ጠባዩን ቢለውጥ፣ እንጨትና ድንጋይ ያለ ምክንያት ቢነክስ፣ ለሃጩ ቢዝረበረብ፣ መንጋጋው ቢወድቅ፣ ድምፁ ቢሻክር፣ ይህ የበር ጉዳይ አይደለም። ልጆችን አርቁ፤ ወደ ውሻውም አትጠጉ፤ ለእንስሳት ጤና ባለሙያና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በቶሎ አስታውቁ።

የውሻ ጥርስ የሚጀምረው ከየት ነው?

የተበሉ በሮችን እየዞርን ስንመለከት የተማርነው ይህ ነው፦ ውሻ ለጥ ያለውን የሣንቃ ፊት ሊበላ አይችልም፤ ጥርሱ የሚይዝበት የለውምና ይንሸራተታል። የሚጀምረው ከጠርዝ ነው፤ ከሣንቃው ዳር፣ በሁለት ሣንቃ መካከል ካለው ክፍተት፣ ከበሩ ሥር፣ ከወጣ ምስማር፣ ከተንጠለጠለ ገመድ። ስለዚህ የጥሩ በር ምስጢሩ በውስጥ በኩል ጠርዝ የሌለው መሆኑ ነው። እንጨቱ ምንም ቢጠነክር ጠርዙ ለውሻው አፍ ከቀረበለት ጊዜ ይፈጅበት ይሆናል እንጂ ይበላዋል።

የትኛው ዕቃ ይሻላል?

1ኛ/ ወይራ፦ ከሁሉ ይጠነክራል። ሰፊ ሣንቃ ስለማይወጣው ግን ለመቃን፣ ለደፍና ለመወርወሪያ ይሁን።

2ኛ/ ባሕር ዛፍ፦ በየደጁ ይገኛል፤ ጠንካራም ነው። እርጥቡን ከሠራችሁት ሲደርቅ ይጣመማል፤ ይሰነጠቃልም። ስንጥቁም ለጥርስ ጠርዝ ይሆናል። ስለዚህ በጥላ ሥር በደንብ ይድረቅ።

3ኛ/ ጽድ፦ ምስጥ አይደፍረውም፤ ነገር ግን በቁመቱ በቀላሉ ይሰነጠቃል። ለቋሚ እንጨት መልካም ነው፤ ለሣንቃ ከሆነ ውፍረት ይጨመርለት።

4ኛ/ ዋንዛ፦ ለመሥራት ይመቻል፤ ሰፊ ሣንቃም ይወጣዋል። ለስላሳ ስለ ሆነ ግን በውስጥ በኩል ቆርቆሮ ካልለበሰ ውሻ ይጨርሰዋል።

5ኛ/ ቀርከሃ፣ ጨፈቃና ኮምፔርሳቶ፦ ለውሻ በር አይሆኑም። ቀርከሃ ሲሰነጠቅ እንደ ምላጭ ይሆንና የውሻውን ድድ ይቆርጣል፤ ኮምፔርሳቶ ዝናብ ሲነካው ይላጣል።

6ኛ/ ጠፍርና ገመድ፦ ጠፍር ቆዳ ነው፤ ለውሻ ምግብ ማለት ነው። በጠፍር የታሰረ በር እንደ ተከፈተ ይቆጠር።

7ኛ/ ቆርቆሮ፦ ብቻውን ይጣመማል፤ ጠርዙም አፍ ይቆርጣል። በሣንቃ ላይ ሲለበጥ ግን እጅግ ጥሩ ነው። ከጣሪያ የተረፈውን አሮጌ ቆርቆሮ በመዶሻ ደልድላችሁ፣ ዳርና ዳሩን ወደ ኋላ አጥፋችሁ ጠፍጥፉት።

የእሾህ ሽቦ አታድርጉ፤ ውሻውንም ልጆችንም ያቆስላል። የተቃጠለ የመኪና ዘይት፣ አሮጌ ቀለምና የተባይ መድኃኒት በበሩ ላይ አትቀቡ፤ ውሻው ይልሰዋል፣ ልጅም ይነካዋል። በርበሬ የሚቀቡም አሉ፤ ዝናብ ያጥበዋል፤ የልጅ ዓይን ግን ያቃጥላል።

የበሩ አሠራር

በማጠፊያ የሚከፈት በር ከተሠራ፣ ማጠፊያውም መቀርቀሪያውም በውጭ በኩል ይሁን፤ ጠርዙም ሁሉ ቆርቆሮ ይልበስ። እኛ ግን ለገጠር ቤት የምንመርጠው ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን ሣንቃ ነው። ማጠፊያ አይፈልግም፤ ወጪውም ጥቂት ነው። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው፦

ሀ/ የበሩ ቀዳዳ ቁመቱ ሦስት ስንዝር፣ ስፋቱ ሁለት ስንዝር ቢሆን ለሀገራችን ውሻ ይበቃል። ውሻው ትልቅ ከሆነ ጨምሩለት።

ለ/ ሣንቃው ሁለት ጣት ያህል ይወፍር። ከቀዳዳውም በቀኝና በግራ አራት አራት ጣት፣ ወደ ላይ ደግሞ አንድ ስንዝር ይብለጥ። ይህ ትርፍ ጠርዙን ከውሻው አፍ ይሰውረዋል። አንድ ሰፊ ሣንቃ ከጠፋ ሁለት ወይም ሦስቱን አገጣጥማችሁ፣ በውጭ በኩል በሁለት አግዳሚ እንጨት ምቱት። አግዳሚው እስከ ሣንቃው ዳር አይድረስ፤ ከደረሰ ሲወርድ ይይዘዋል።

ሐ/ የሣንቃውን የውስጥ ፊት ቆርቆሮ አልብሱ። ቆርቆሮው ከአንደኛው ዳር እስከ ሌላው ይድረስ፤ በየሦስት ጣቱ ምስማር ይመታ። በውጭ የወጣው የምስማር ጫፍ ተቀጥቅጦ ይተኛ።

መ/ ግድግዳው ድንጋይ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው፤ ሣንቃው በውጭ በኩል ግድግዳውን ተደግፎ ይቁም፤ ሁለት የወይራ ቋሚዎች ከውጭ አቅፈው ይያዙት። ውሻው ከውስጥ የሚያገኘው ለጥ ያለ ቆርቆሮና ድንጋይ ብቻ ይሆናል። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ከሆነ ግን በውስጥ በኩልም ሁለት ቋሚ ይጨመር። እነዚህ ልጣቸው የተላጠ፣ ክብና ወፍራም ግንዶች ይሁኑ፤ ውሻው መንጋጋውን ከፍቶ ሊይዛቸው እንዳይችል።

ሠ/ ደፉ ከወይራ ይሁን፤ ግማሹ በመሬት ይቀበር፤ በሥሩም ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፍ፤ ውሻ ጥርሱ እምቢ ሲለው በጥፍሩ ይቆፍራልና። ሣንቃው ሲወርድ ከደፉ በውጭ በኩል ሁለት ጣት ዝቅ ይበል፤ እንዲህ ከሆነ የሥሩ ጠርዝ ከውስጥ አይታይም። የውጩ መሬት ውኃ እንዳያቁር ተዳፋት ይሁን።

ረ/ ሣንቃው ወርዶ ሲቀመጥ፣ ከላዩ በሁለቱ የውጭ ቋሚዎች ቀዳዳ ውስጥ የወይራ መወርወሪያ ይለፍ። ያለዚህ ብልህ ውሻ በአፍንጫው ያነሣዋል።

ሰ/ አየር የሚገባው በበሩ ሳይሆን ከጣሪያው ሥር በተተዉ ጠባብ ቀዳዳዎች ይሁን፤ ውሻው በማይደርስበት ከፍታ።

ሸ/ ሰው የነከሰ ውሻ በውስጥ ሲጠበቅ በሩ አይከፈት። ምግቡ ከጣሪያው ሥር ባለው ቀዳዳ ይጣል። ውኃው በግድግዳው በገባ አሸንዳ ወደ ውስጡ የድንጋይ ገበታ ይፍሰስ። ማንም እጁን አያስገባ፤ ልጆችም ውኃ እናጠጣ ብለው አይጠጉ።

ስለ ንጽሕና

በሩ ከተሠራ በኋላ ሌላው ጥቅም ይከተላል። ውሻው ቀን ቀን በቤቱ ሲውል ዓይነ ምድሩ በደጁ ሁሉ አይበተንም። በውሻ ዓይነ ምድር ውስጥ ለሰው የሚተርፉ የትል እንቁላሎች አሉ፤ አፈር እየነኩ የሚጫወቱ ልጆች በእጃቸው ወደ አፋቸው ያስገቡታል። በየቀኑ በአካፋ እየተጠረገ ይቀበር ወይም በመጸዳጃው ጉድጓድ ይጣል። ጉዝጓዙ ገለባ በየሳምንቱ ይለወጥ፤ አሮጌው ይቃጠል፤ ቁንጫ የሚራባው በዚያ ነውና። የውሻ ቤቱ ከምንጭና ከማድ ቤት ይራቅ።

በግ ሲታረድ ውኃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ፣ አዙሪት የያዘውም በግ ጭንቅላት ለውሻ አይሰጥ፤ በጥልቅ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ከዚያ የሚወጣው ትል በውሻው ሆድ አድጎ በዓይነ ምድሩ ወደ ሰውና ወደ በግ ይመለሳል። ውሻውም ከሦስት ወሩ ጀምሮ በየዓመቱ ይከተብ።

ባለቤቱ ምን አደረገ?

ያ ቀደም ሲል ያነሣነው ሰው ሌላ ቡችላ አሳደገ። የወራጁን ሣንቃ በር ከአንድ አናጢ ጋር ሆኖ በሁለት ቀን ሠራው። ቆርቆሮው ከአሮጌ ጣሪያ የወጣ ነው፤ የገዛው ምስማር ብቻ ነው። ውሻው ሲያድግ በሩን ቧጨረ፣ ቧጨረ፤ መጨረሻ ተወው። ስናገኘው፣ «አሁንስ ጥርሱ ሰነፈ» ብሎ ሳቀብን። እኛም የሰነፈው ጥርሱ እንዳልሆነ ነገርነው፤ መነሻ አጥቶ ነው።

እናንተም ዛሬ ማታ የውሻችሁን ቤት በር በውስጥ በኩል በእጃችሁ ዳብሱት። ጣታችሁ የሚይዝበት ጠርዝ ካገኘ፣ የውሻውም ጥርስ ያገኘዋል። እሱን ቦታ ነገ ሳትውሉ ድፈኑት። ልጅ ከተነከሰ በኋላ በር ከመሥራት፣ በር ሠርቶ ልጅን መጠበቅ ይቀላል።